ሃይማኖትን በአደባባይ ማስተዋወቅ፤ መብትነቱና ወሰኑ

መግቢያ

ከሐዋሳ መሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ቡሹሎ የሚመጣ መንገደኛ የሃይማኖት ጥሪ ሳያገኘው አይደርስም። በመንገድ ዳር የተወጠሩ ባነሮች የጉባኤ ቀንና ቦታ ያስታውቃሉ፤ በባጃጆች የኋላ መስተዋት ላይ የቅዱሳን ሥዕል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ወይም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ቃል ይታያል፤ ጎሕ ሳይቀድ ደግሞ ደወልና አዛን፣ ቅዳሴና መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር ከተማዪቱ ከየአቅጣጫው በሚመጡ ምእመናን ትሞላለች። ይህ ሁሉ ለሐዋሳ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከቁምስና ወጣቶች ጋር በተወያየንበት ጊዜ ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ቀረቡልን። አንደኛው ወገን፦ «ሌሎች እምነታቸውን በአደባባይ ሲያስታውቁ እኛ ዝም ማለታችን በእምነታችን የምናፍር አያስመስለንምን? እኛም ትልቅ ሰሌዳ እናቁም» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ «ሃይማኖት እንደ ሳሙና የሚተዋወቅ ሸቀጥ አይደለም፤ ይልቁንስ መንግሥት ሁሉንም ቢከለክል ሰላም ይሆን ነበር» ሲል መለሰ።

ሁለቱም ወገኖች ከቅዱስ ወንጌል ማስረጃ አላጡም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በጆሮ የሰሙትን በሰገነት ላይ እንዲሰብኩ አዝዟቸዋል (ማቴ. 10፥27)። ይኸው ጌታ ምጽዋት በምናደርግበት ጊዜ በፊታችን መለከት እንዳናስነፋ አስጠንቅቆናል (ማቴ. 6፥2)፤ ያነጻውን ለምጻም ሰውም ነገሩን ለማንም እንዳይናገር አዝዞታል (ማር. 1፥44)። እንግዲህ የሚሰበከውና የማይለፈፈው የትኛው ነው? በዚህ ጽሑፍ፣ የሃይማኖት ማኅበራት ራሳቸውን በይፋ ማስተዋወቅ ይፈቀድላቸው ዘንድ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ ወሰኑ የት ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች በአገራችን ታሪክና ሕግ፣ በሌሎች አገሮች ልምድና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብርሃን እንመረምራለን።

1. ማስታወቂያ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ክርክር የሚነሣው ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ስም ከመጥራት ስለሆነ፣ አስቀድመን አራት ዓይነት ነገሮችን መለየት ያስፈልገናል።

ሀ/ ምልክት፦ ደወል፣ አዛን፣ በጉልላት ላይ የቆመ መስቀል፣ በበር ላይ የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ስም። ይህ «እዚህ አለን» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገርም።

ለ/ ማሳወቂያ፦ የበዓል፣ የጉባኤ፣ የሱባኤ ቀንና ቦታ መንገር፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ርዳታ መጠየቅ። በየመንገዱ ጃንጥላ ዘርግተውና ሥዕል ይዘው ለሕንፃ ማሠሪያ የሚለምኑ ወገኖቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ይህም በአገራችን ከማተሚያ ቤትና ከሬዲዮ በፊት የነበረ ልማድ ነው።

ሐ/ ምስክርነት፦ አንድ ማኅበር የሚያምነውን እውነት ገልጦ ሲናገርና የሚሰማውን ሰው «መጥተህ እይ» ብሎ ሲጋብዝ ነው።

መ/ የተስፋ ሽያጭ፦ በእገሌ ቀን፣ በእገሌ አዳራሽ የተገኘ ሁሉ ከደዌው እንደሚፈወስ፣ ሥራ ወይም ትዳር እንደሚያገኝ፣ ወደ ውጭ አገር የመሄጃ ቪዛው እንደሚከፈትለት አስቀድሞ ቃል መግባት ነው። እዚህ ላይ የሚተዋወቀው እምነቱ ሳይሆን ከእምነቱ ይገኛል የሚባለው ትርፍ ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከአራተኛው ጋር ቀላቅሎ መፍቀድም ሆነ መከልከል ስሕተት ላይ ይጥላል።

2. የአገራችን ታሪክና ሕግ

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች አቋም በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 መሠረት ኢትዮጵያ በሁለት ተከፍላ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በብዛት በሚኖሩባቸው ስፍራዎች የውጭ ሚሲዮኖች በትምህርትና በሕክምና ሥራ ከሚሰማሩ በቀር ሕዝቡን ወደ እምነታቸው ይስቡ ዘንድ አልተፈቀደላቸውም፤ «ክፍት» በተባሉት ስፍራዎች ግን ማስተማር ይችሉ ነበር። በዚህ አሠራር ስለ እምነት በይፋ የመናገር መብት የሚወሰነው በተናጋሪው ኅሊና ሳይሆን በቆመበት መሬት ነበር ማለት ነው። በደቡቡ ክፍል የተሰማሩ ሚሲዮናውያን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሠርተዋል፤ ሐዋሳም እ.ኤ.አ. በ1969 ሐዋርያዊ ፕረፌክቱራ፣ በ1979 ደግሞ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ለመሆን በቅታለች።

በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በአዲስ አበባ ተመርቆ ሥራውን ጀመረ። ጣቢያው ከአማርኛ ሌላ በብዙ የአፍሪካና የእስያ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር፤ ከስብከቱ ጋርም ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ዕውቀት ሰፊ ጊዜ ሰጥቶ ያስተምር ነበር። የእርሱ አድማጮች የግድ የእርሱ ማኅበር አባላት አልነበሩም፤ ዜናውንና የጤና ምክሩን የሚከታተሉ የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች ብዙዎች ነበሩ። በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. ግን የደርግ መንግሥት ጣቢያውን ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። በዚያ ዘመን የሃይማኖት ድምፅ ከአየር ላይ ቢጠፋም አየሩ ጸጥ አላለም፤ ስፍራውን የያዘው ሌላ ስብከት ነበር። «ሁሉም ቢከለከል ሰላም ይሆናል» ለሚለው አሳብ ይህ ታሪክ በቂ ማስጠንቀቂያ ይመስለናል። መንግሥት የሃይማኖትን አፍ በሚዘጋበት ጊዜ የሚቀረው ባዶ አደባባይ ሳይሆን የመንግሥት ብቻ የሆነ አደባባይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖትም እንደማይኖር ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ ለብቻውም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል የማምለክ፣ የመከተል፣ የመተግበርና የማስተማር መብት እንዳለው ይገልጻል። «በይፋ» የሚለው ቃል ለጥያቄያችን ትልቅ ክብደት አለው። ይኸው አንቀጽ ማንንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይይዝ በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ ማስገደድን ይከለክላል፤ እምነትን የመግለጽ መብትም ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሞራልና ለሌሎች ሰዎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ያስታውቃል።

በመገናኛ ብዙኃን በኩል ሕጉ ለረጅም ጊዜ ጥብቅ ነበር። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ለሃይማኖት ድርጅቶች የብሮድካስት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ሆኖም የሳተላይት ሥርጭት ከውጭ አገር እየገባ ክልከላውን በተግባር አሳልጦታል፤ የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች ቴሌቪዥኖች በየቤቱ ይታዩ ጀመር። በመጨረሻም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለሃይማኖት ተቋማት የፈቃድን በር ከፈተ። ስለ ማስታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን፣ የሰውን ክብርና እኩልነትም በሃይማኖት ምክንያት እንዳይነካ ያዝዛል። የድምፅ ማጉያን በሚመለከት፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከልክ ያለፈ ድምፅን ከብክለት ዓይነቶች እንደ አንዱ ስለሚቆጥር የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣለት ይደነግጋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሕጉ የሃይማኖትን በይፋ መናገር እንደ መብት ሲያውቅ የአነጋገሩን መንገድ ግን ያለ ልክ አለመልቀቁን ነው።

3. የሌሎች አገሮች ልምድ

በግሪክ አገር ሚኖስ ኮኪናኪስ የተባለ የይሖዋ ምስክር ከቤት ወደ ቤት እየሄደ በማስተማሩ በሕይወቱ ዘመን ከስልሳ ጊዜ በላይ ተይዟል። በመጨረሻ ጉዳዩ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1993 መብቱ እንደ ተጣሰ ተፈረደለት። ፍርድ ቤቱ በውሳኔው እምነትን መመስከርን፣ ተገቢ ባልሆነ ዘዴ ሰውን ከማስኮብለል ለየ። በማታለል፣ በጥቅም በመደለል፣ በችግር ላይ ያለን ሰው በማስጨነቅ የሚደረገው ስብከት የሁለተኛው ዓይነት ነው።

የአየርላንድ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ መጋቢ፣ ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ የሚናገር የቪዲዮ ፊልም በትንሣኤ ሳምንት እንደሚታይ በንግድ ሬዲዮ ለማስታወቅ ገንዘብ ከፍሎ ሲጠይቅ፣ የአገሩ ሕግ የሃይማኖት ዓላማ ያለውን ማስታወቂያ ይከለክላል ተብሎ ተከለከለ። ይኸው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 አየርላንድ መብት አልጣሰችም ሲል ወሰነ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በጥሞና ሊጤን ይገባዋል፤ የአየር ጊዜ በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ብዙ ገንዘብና ብዙ ተከታይ ያለው ሃይማኖት ከሌሎቹ ይልቅ ይሰማል የሚል ነው። አየርላንድ ቆየት ብላ ሕጓን አሻሽላ፣ የመንፈሳዊ ሥነ ሥርዓትና የመጽሔት ማሳወቂያ እንዲተላለፍ ፈቅዳለች፤ አንድ ሃይማኖት ከሌላው ይሻላል የሚል ማስታወቂያ ግን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ እንደ ከለከለች ቀርታለች። ከላይ «ማሳወቂያ» እና «ምስክርነት» ብለን የለየናቸውን የአየርላንድ ሕግም ለይቷቸዋል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጌታችን ያስተማረንን ጸሎት ልዩ ልዩ ሰዎች ተቀባብለው የሚጸልዩበትን የአንድ ደቂቃ ፊልም አዘጋጅታ በሲኒማ ቤቶች እንዲታይ ብትጠይቅ፣ የሲኒማ ማስታወቂያዎችን የሚያስተናግደው ድርጅት ተመልካች ቅር ሊሰኝ ይችላል በሚል ሳይቀበለው ቀረ። የአልኮል መጠጥና የመኪና ማስታወቂያ በሚታይበት መጋረጃ ላይ «አባታችን ሆይ» መከልከሉ ብዙዎችን፣ የማያምኑትን ጭምር አስገርሟል። ይህም ሁሉን በጅምላ መከልከል ገለልተኝነት እንዳልሆነ ያሳያል። ለንግድ ክፍት ሆኖ ለጸሎት ዝግ የሆነ አደባባይ እርሱ ራሱ አንድ ወገን ይዟል።

4. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ በቁጥር 4 ላይ ጉዳያችንን በቀጥታ ይነካል። የሃይማኖት ማኅበራት እምነታቸውን በቃልም ሆነ በጽሑፍ በይፋ ከማስተማርና ከመመስከር እንዳይከለከሉ መብት እንዳላቸው ጉባኤው ያረጋግጣል። ልብ እንበል፤ ይህ መብት ለካቶሊካውያን ብቻ የተጠየቀ አይደለም፤ ለሃይማኖት ማኅበራት ሁሉ ነው። መሠረቱም የአንዱ ወይም የሌላው ትምህርት ትክክል መሆን ሳይሆን በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው ክብር ነው።

ጉባኤው በዚሁ ቁጥር ሁለተኛውን ግዴታ ያስቀምጣል። እምነትን በማስፋፋት ጊዜ የማስገደድ፣ ወይም ለሰው ክብር የማይመጥን የማግባባት መልክ ካለው ሥራ ሁሉ መራቅ ይገባል፤ ይልቁንም ባልተማሩና በድኾች ሰዎች መካከል ሲሆን። ይህን ያደረገ ሰው የራሱን መብት ያለአግባብ ተጠቅሟል፤ የሌላውንም መብት ጥሷል።

የማኅበራዊ መገናኛ ጉዳዮች ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ስለ ማስታወቂያ ሥነ ምግባር ባወጣው ሰነድ፣ ማስታወቂያ በራሱ ክፉ አለመሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያንም ልትገለገልበት እንደምትችል ይናገራል፤ ከዚያም ሦስት መመዘኛዎች ያቀርባል። እነርሱም እውነት፣ የሰው ክብርና ማኅበራዊ ኃላፊነት ናቸው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ስብከተ ወንጌል ተልእኮ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ቤተ ክርስቲያን እውነትን የምታቀርብ እንጂ በማንም ላይ የማትጭን መሆኗን አስተምረዋል።

ይህ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ሐዋርያት የተወረሰ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና አደባባይ ቆሞ በይፋ ተናግሯል፤ የሰሙትም አንዳንዶቹ ሲያፌዙበት አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን ብለውታል (ሐዋ. 17)። መናገሩን አልተወም፤ የሚሰሙትንም ወደ ኋላ የመመለስ ነፃነታቸውን አልነሣቸውም። ይኸው ሐዋርያ የእግዚአብሔርን ቃል ቸርችረው ከሚያተርፉበት ወገን እንዳልሆነ ይናገራል (2ቆሮ. 2፥17)። ሲሞን መሠርይም የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በጠየቀ ጊዜ ከጴጥሮስ ያገኘው ተግሣጽ የታወቀ ነው (ሐዋ. 8፥18-20)።

በአገራችን ታሪክም እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆብ ሕያው ምሳሌ ነው። የሕዝቡን ቋንቋ ተምሮ፣ የአገሩን ካህናት ልብስ ለብሶ፣ በሕዝቡ መካከል በድኽነት ኖረ። ትምህርቱን ከመስማታቸው በፊት ሰዎች ኑሮውን አይተው ነበር። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅድስናውን አወጁ፤ በዚያው ዓመት ባወጡት ሐዋርያዊ ምክርም የዘመኑ ሰው ከመምህር ይልቅ ምስክርን እንደሚሰማ አስገንዝበዋል።

5. በበሽተኛው አልጋ አጠገብ

እስከዚህ የተናገርነው ስለ መንገዱ ዳር ባነር ነው። በእኛ አስተያየት ግን እውነተኛው ፈተና ያለው በመንገድ ዳር ሳይሆን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው።

ቡሹሎ ሲባል በሐዋሳና በአካባቢዋ ያሉ ብዙ ሰዎች አስቀድመው የሚያስቡት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የጤና ተቋም ነው። ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ በወባ የሚንቀጠቀጠው ገበሬ ወደዚያ ሲመጡ ሃይማኖታቸው ምንድን እንደሆነ አይጠየቁም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ኦርቶዶክሳውያን 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሞች 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቶች 18.6 በመቶ ሆነው ተቆጥረዋል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን የጤና ተቋማት የሚገለገለው ሕዝብ በአብዛኛው የሌላ እምነት ተከታይ መሆኑ ግልጽ ነው።

የታመመ ሰው እምቢ የማለት ኃይሉ የደከመ ነው። መርፌውን የሚሰጠው እጅ የጸሎት ወረቀትም ቢሰጠው፣ ወረቀቱን ባይቀበል መርፌው የሚቀርበት ሊመስለው ይችላል። ማንም ይህን ሳይነግረው ራሱ ይህን ሊጠረጥር ይችላል። ጉባኤው ስለ ድኾችና ስላልተማሩ ሰዎች ያስጠነቀቀው እንግዲህ በቅድሚያ ለእኛ ነው፤ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የእህል መጋዘን ያለው ማኅበር ባነር ብቻ ካለው ማኅበር ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 በጻፉት የመጀመሪያ ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ፍቅር ነፃ ስጦታ በመሆኑ የበጎ አድራጎት ሥራ ሰውን ወደ ሃይማኖት መሳቢያ ሊሆን እንደማይገባው አስተምረዋል። ካሪታስ ኢንተርናሲዮናሊስም እ.ኤ.አ. በ1994 ከቀይ መስቀልና ከሌሎች ታላላቅ የርዳታ ድርጅቶች ጋር ባጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ርዳታ በችግር መጠን ብቻ እንዲሰጥና የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ተስማምቷል። ሰው «በስንዴና በዘይት ሃይማኖቱን ለወጠ» ተብሎ በሚታማበት አገር የዚህ ደንብ ትርጉም ለማንም አይሰወርም።

ሁለተኛው አደጋ የተስፋ ሽያጭ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢያንስ ስድስት ወር ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ለእርሱም ለቤተ ሰቡም የከፋ ይሆናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። እንዲህ ላለው ሰው «በዚህ ቀን ና፤ ተፈውሰህ መድኃኒትህን ትጥላለህ» የሚል ማስታወቂያ ሲደርሰው፣ ጉዳዩ የሃይማኖት ነፃነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። እኛም እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፤ ለበሽተኞችም እንጸልያለን፤ የቅባት ምሥጢርንም እንሰጣለን። ነገር ግን ፈውስ የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ በባነር ላይ ቀጠሮ የሚያዝለት የሰው ንብረት አይደለም። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጸበል እየተጠመቁ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ በይፋ ማስተማራቸው በምስጋና የሚታወስ ነው። የእርሳቸውም ቃል በአደባባይ የተነገረ የሃይማኖት ቃል ነበር፤ ሰውን ግን ከመድኃኒቱ አልለየም። በይፋ የሚነገር የሃይማኖት ቃል ሁሉ ቢከለከል ኖሮ ይህም ባልተሰማ ነበር።

6. ለቁምስናዎቻችን የሚሆኑ መመዘኛዎች

ከላይ ከተነገረው በመነሣት፣ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ሃይማኖቶች ሁሉ ራሳቸውን በይፋ ያስተዋውቁ ዘንድ ይፈቀድላቸው፤ ለአንዱ የተፈቀደውም ለሌላው ይፈቀድ። ሕግ ሊቆጣጠረው የሚገባው እምነቱን ሳይሆን ማታለሉን፣ ማስገደዱንና በሌላው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። እኛ ደግሞ ሕግ ሳያስገድደን ራሳችንን በሚከተሉት አምስት ነጥቦች ብንመዝን መልካም ነው።

አንደኛ፣ እውነት ነውን? ማድረግ የማንችለውን ቃል አንግባ፤ የእግዚአብሔርን ሥራ በእኛ ቀጠሮ አንወስን።

ሁለተኛ፣ የሚያየው ሰው እምቢ ለማለት ነፃ ነውን? በመንገድ ያለ ሰው አልፎ መሄድ ይችላል፤ በሕክምና ወረፋ ላይ ያለው፣ የርዳታ እህል የሚጠብቀው፣ በክፍል የተቀመጠው ተማሪ ግን አይችልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ሦስተኛ፣ የሌላውን እምነት ሳናነሣ መናገር እንችላለንን? የእኛ መልካምነት በሌላው ነቀፋ ላይ ካልቆመ በቀር የማይታይ ከሆነ ጉድለቱ የእኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቫቲካን የሃይማኖቶች ውይይት ምክር ቤት፣ የአብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ምክር ቤትና የወንጌላውያን ኅብረት በጋራ ያወጡት የምስክርነት መመሪያም ስለ ሌሎች በሐሰት አለመመስከርን ያሳስባል።

አራተኛ፣ ጎረቤታችን ቢያደርገው ደስ ይለን ነበርን? የድምፅ ማጉያችንን ወደ ሰፈር ስናዞር የሚያጠባ ሕፃን፣ የሚያጠና ተማሪ፣ የታመመ ሽማግሌ በዚያ መኖሩን እናስብ። ወርቃማው ሕግ (ማቴ. 7፥12) ለድምፅ ማጉያም ይሠራል።

አምስተኛ፣ ወጪው ለምን ይውላል? ለባነር የሚከፈለው ገንዘብ ምእመናን ከጎደሎ ኑሯቸው የሰጡት ነው። ድኻን ከመርዳት የሚበልጥ ካልሆነ ይቅር።

ማጠቃለያ

ሰሌዳ እናቁም ላሉት ወጣቶቻችን መልሳችን፦ አቁሙ፤ ነገር ግን የቅዳሴ ሰዓትና የትምህርተ ክርስቶስ ቀን በትሑት ቃል ይጻፍበት፤ ያነበበው ሰው ገብቶ ሲያይ ከሰሌዳው የሚበልጥ ነገር ያግኝ፤ የሚል ነው። ሁሉም ይከልከል ላሉትም፦ ዛሬ የማትወዱት ድምፅ እንዲዘጋ የምትሰጡት ሥልጣን ነገ በእናንተው ላይ ይውላል፤ በቁጥር የምናንሰው እኛ ደግሞ ነፃነት ሲጠብብ ቀድመን ከሚጎዱት ወገን ነን፤ እንላለን።

በተራራ ላይ ያለች ከተማ ልትሰወር እንደማይቻላት ጌታችን አስተምሮናል (ማቴ. 5፥14-16)። በዚያው ስፍራ ሰዎች አይተው የሰማዩን አባት የሚያከብሩበት ብርሃን መልካም ሥራችን እንደሆነ ይነግረናል። ሃይማኖቷ ሳትጠየቅ ከቡሹሎ ልጇን በጤና ታቅፋ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት ምንም ባነር አልያዘችም። ለእርሷ የተደረገው ሁሉ ያለ ዋጋና ያለ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ፣ ስለ እኛ የምትናገረው እርሷው ናት። በእርሷ ላይ የሃይማኖት ዕዳ ጭነን ከሸኘናት ግን በሐዋሳ መንገድ ሁሉ ሰሌዳ ብናቆም እንኳ የሚያምነን አናገኝም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከአራቱ የማስታወቂያ ዓይነቶች በአካባቢያችሁ ይበልጥ የሚታየው የትኛው ነው? በቁምስናችሁስ?

2. በሕክምና፣ በትምህርት ወይም በርዳታ ሥራችን የሰውን ኅሊና ሳናውቀው የምናስጨንቅበት መንገድ ይኖር ይሆን? እንዴትስ ማረም ይቻላል?

3. ሕመምተኛ ዘመዳችሁ የፈውስ ማስታወቂያ አይቶ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ቢነሣ፣ እምነቱን ሳትነቅፉ ምን ትሉታላችሁ?

4. ሐዋርያት ሥራ 17ን በጋራ አንብቡ። ቅዱስ ጳውሎስ ዛሬ በሐዋሳ አደባባይ ቢቆም ምን ይናገር፣ ምንስ ከመናገር ይቆጠብ ነበር?